በራስሽ ላይ ምሳር አታንሺ

ልጄ፣ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ምሳሩን የሚያነሳው ግን ሁልጊዜ ባዳ አይደለም። የሌሊት ፈረቃ ጨርሰሽ በ134 አውቶብስ ለንደን ኬንቲሽ ታውን ስትደርሺ ፊትሽ ላይ የማየው ድካም ብቻ አይደለም። «እኔ ድሮም አልረባም፤ እኩዮቼ ቤት ሠሩ፣ እኔ ኪራይ እገፋለሁ፤ እናቴ ስትደውል ምን ልበላት?» እያልሽ ራስሽን ስትቀጠቅጪ ታድሪያለሽ። ይህን ለጎረቤት ብትናገሪው ሽማግሌ ፊት የሚያስቀርብ ስድብ ነው።

እስቲ ለቋሚ መኖሪያና ለዜግነት የሚያስፈትኑትን «ላይፍ ኢን ዘ ዩኬ» የሚሉትን ፈተና ተመልከቺ። ጥያቄው 24 ነው፤ ለማለፍ 18 መመለስ አለብሽ። በአንድ ጥያቄ ወድቀሽ ስትወጪ «ደደብ» ትያለሽ፣ ራስሽን። ሕጉ ከ7 ቀን በኋላ ተመልሰሽ ተፈተኚ ይልሻል፤ አንቺ ግን የዕድሜ ልክ ፈረድሽ። ከሰው ስሕተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም እኮ!

«ራሴን ካልገረፍኩ እሰንፋለሁ» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ያሳደገን አለንጋ ነውና አልፈርድብሽም። ግን የተሰደበ ልብ ይሸማቀቃል እንጂ መጽሐፍ ገልጦ አያጠናም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሐኪም ፖል ጊልበርት በርኅራኄ ላይ የቆመ ሕክምና የጀመረው አንድ ነገር አስተውሎ ነው። ታካሚዎቹ የሚያጽናናውን ሐሳብ ያውቁታል፤ ለራሳቸው የሚነግሩት ግን በቁጣ ድምፅ ነበር። እውነቱን ነው። በግልምጫ የተነገረ «አይዞሽ» ማንን ያጽናናል?

ስለዚህ ስትሳሳቺ፣ ታናሽ እህትሽ ያንኑ ሠርታ እያለቀሰች ብትደውልልሽ ምን እንደምትያት አስቢ። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ በቤት ስምሽ ጠርተሽ ለራስሽ ንገሪው። ጥፋት ካለም አትሸፋፍኚው፤ «ዛሬ ሥራ አረፈድኩ» በይ እንጂ «እኔ የማልረባ ነኝ» አትበይ። የበደልሽው ሰው ካለ ይቅርታ ጠይቂ፤ ከጠየቅሽ በኋላ ግን ክሱን ዝጊ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። አንቺ ግን ምሕረትን ለዘመድ ለባዳው በሙሉ ቆርሰሽ፣ ለራስሽ ፍርፋሪ ታስቀሪያለሽ። ባልንጀራን መውደድ የታዘዘው በራስ ልክ ነው፤ መለኪያው ከጎደለ ባልንጀራሽም ይጎድልበታል።

ዕረፍትም አትንፈጊያት ነፍስሽን። የሠፈራችን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ተንቀሳቃሽ ደረጃዎቹ እስኪቀየሩ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2023 እስከ ታኅሣሥ 2024 ተዘግቶ ነበር። ብረት ዓመት ተኩል ሲሰጠው፣ የሰው ልጅ አንድ ቅዳሜ ብታርፍ ምን ነውር አለው?

ስድቡ እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ ግን የእኔ ምክር አይበቃሽም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ ኤንኤችኤስ የንግግር ሕክምና በነጻ ይሰጣል፤ ጂፒ የሚሉት የሠፈር ሐኪምሽ እስኪልክሽ ሳትጠብቂ ራስሽ መመዝገብ ትችያለሽ፣ አስተርጓሚም መጠየቅ መብትሽ ነው። ሌሊት ከጨነቀሽ የተጨነቀን በስልክ የሚያዳምጡት ሳማሪታንስ በ116 123 ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ፤ ክፍያ የለውም። «ሰው ምን ይለኛል» ብለሽ አትዘግዪ፣ ልጄ፤ ደውዪ።