የልጅነት መንፈስ

ምንባብ፤ ሮሜ 8፥14-17፤ ዕብራውያን 12፥5-11



ከናይሮቢ ከተማ መካከል በስተ ምዕራብ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ በስዋሂሊ ቋንቋ «በኮረብታው ላይ» ማለት ነው፤ ዛሬ ግን ረጃጅም ፎቆች ስለ ሸፈኑት ኮረብታው እንደ ልብ አይታይም። ከአገራችን የወጡ ብዙ ቤተ ሰቦች በዚያና በአካባቢው ይኖራሉ፤ እንጀራና ቡና የሚገኝባቸው ቤቶችም አይታጡም። በዚያ ሰፈር የምትኖር አንዲት እኅታችንን ልንጠይቅ ሄደን፣ በቤትዋ ተቀምጠን የሰማነውን ነገር ዛሬ ልንነግራችሁ ወደድን። ስምዋን አንጽፍም። ታሪኩ ግን ለሌላው እናት ይጠቅም እንደ ሆነ ብላ እንድንናገረው ፈቅዳልናለች።

ይህች እኅት ሁለት ልጆች አሏት። ታላቁ ወንድ ልጅ ከማኅፀንዋ የወጣ ነው። ታናሺቱ ሴት ልጅ ግን ገና የጥቂት ወራት ሕፃን ሳለች የተቀበለቻት ናት፤ ይህም የሆነው የኬንያ መንግሥት የውጭ አገር ሰዎች የአገሩን ልጆች በማደጎ እንዳይወስዱ በኅዳር 2007 ዓ.ም. ከማገዱ አስቀድሞ ነው። የአገሩ ሕግ ሕፃን ከተወለደ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ለማደጎ እንዳይሰጥ ያዝዛል፤ ደግሞም አሳዳጊው ለፍርድ ቤት ከማመልከቱ በፊት ሕፃኑን ሦስት ወር ሙሉ ሳያቋርጥ ሊይዘው ይገባል። እኅታችን እንደ ነገረችን እነዚያ ሦስት ወራት እጅግ ረዝመውባት ነበር፤ የደጁ ደወል በተደወለ ቍጥር «ሊወስዱብኝ መጡ» እያለች ልብዋ ይሸበር ነበር። ፍርዱ ከተፈረመና ማኅተሙ ከታተመ በኋላም ይህ ሽብር ቶሎ አልለቀቃትም። ይህን ልብ በሉት፤ ወደ እርሱ እንመለሳለንና።

የቤታቸው ኑሮ እንደ ማንኛውም ቤት ኑሮ ነው። ማለዳ ሳይነጋ ተነሥታ ቍርስ ታዘጋጃለች፤ የልጅቱን ሹራብ ትፈልጋለች፤ ሹራቡም ዘወትር ከሚገባው ስፍራ አይገኝም። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ አይጠብቅም፤ ካለፈ በማታቱ ተጨናንቆ መሄድ ነው። ማታ የቤት ሥራ አለ፤ ከዚያም እራት። ልጅቱ ኡጋሊን በሽሮ ትበላለች፤ ወንድምዋም ይህን አይቶ ፊቱን ያጨማድዳል። (እኛም ቀምሰነዋል፤ የሚናቅ አይደለም።) ከሳምንቱ ሁሉ ለሁለቱም የምትወደደው ሰዓት የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ናት፤ እናቲቱ ልጅቱን ከጕልበትዋ ሥር አስቀምጣ ሹሩባ የምትሠራላት ያን ጊዜ ነው። ልጅቱ የእናትዋን ፊት ስለማታይ፣ እናቲቱም የልጅዋን ፊት ስለማታይ፣ በሌላ ቀን የማይጠየቀው ሁሉ ያን ጊዜ ይጠየቃል። «የወለደችኝ ማን ናት? ለምን ተወችኝ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው በዚሁ ሰዓት ነው። እናቲቱም የምታውቀውን ያህል ነገረቻት፤ የማታውቀውን ፈጥራ አልነገረቻትም፤ ያችን ሴትም በክፉ አላነሣቻትም። እኛም መልካም አደረግሽ አልናት። ሙሴ በፈርዖን ልጅ ቤት ሲያድግ የወለደችው እናቱ ዮካብድ እንደ ነበረች መጽሐፈ ዘፀአት አልሸሸገም፤ አስቴርም በመርዶክዮስ እጅ ስታድግ አባትና እናትዋ እንደ ሞቱባት በግልጥ ተጽፏል። በቃለ እግዚአብሔር ያልተሸሸገውን ነገር በቤታችን ልንሸሽገው አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እኅታችን ከአገርዋ ስትወጣ በጨርቅ ጠቅልላ በእጅዋ ይዛ የመጣች፣ ከእናትዋ የወረሰቻት አንዲት ጀበና ነበረቻት። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ልጅቱ «ዛሬ ቡናውን እኔ ላፍላ» ብላ ጀበናዪቱን ስታነሣ ከእጅዋ አምልጣ በሲሚንቶው ላይ ተሰበረች። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቲቱም በለሰለሰ ድምፅ «ምንም አይደል፤ ምንም አይደል፤ እጅሽ ተቃጠለ ወይ?» ብላ ስብርባሪውን ትለቅም ጀመር። ልጅቱ ግን ወደ ክፍልዋ ሮጣ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ስታለቅስም ተሰማ። እናቲቱ በጀበናዪቱ ምክንያት የምታለቅስ መስሎአት ልታጽናናት ብትገባ ልጅቱ እንዲህ አለቻት፤ «እማዬ፣ ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ብርጭቆ ሲሰብር ጮኸሽበት፤ ከዚያም ሁለታችሁም ሳቃችሁ። እኔን ለምን አትቈጪኝም? እንግዳ ነኝ ወይ?»

ወዳጆች ሆይ፤ ይህን ቃል ስንሰማ ብዙ ጊዜ ዝም አልን። ልጅቱ የዕብራውያንን መልእክት 12ኛ ምዕራፍ አላነበበችም፤ ነገር ግን የምዕራፉ አሳብ በልብዋ ነበረ። ሐዋርያው በዚያ አባት የማይቀጣው ልጅ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ተግሣጽ የማይደርስበት ከእውነተኞቹ ልጆች እንዳይቈጠርም ይገልጣል። እንግዳ አይገሠጽም። እንግዳ ጀበና ቢሰብር «ምንም አይደል» ይባላል፤ ባለቤቲቱ የምታዝነውም እንግዳው ከወጣ በኋላ ነው። ይህ ለእንግዳ ክብር ነው፤ ለልጅ ግን ከደጅ እንደ መቆም ነው።

እኅታችን ስለ ምን እንዳልተቈጣቻት በጠየቅናት ጊዜ እውነቱን ነገረችን። በማኅበራቸው ካሉት እናቶች አንዲትዋ፣ ክፉ አሳብ ሳይኖራት እንደ ጨዋታ አድርጋ፣ ልጅቱ በሰማችበት «የሰው ልጅ ስታሳድጊ እጅሽን ሰብስበሽ ነው፤ ቢቈጧት እንጀራ እናት ያሰኛል» ብላት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቲቱ በገዛ ቤትዋ እንደ ተከራይ እየተጠነቀቀች ትኖር ነበር። እንግዲህ ያ የፊተኛው ሽብር፣ የደጁን ደወል የሚፈራው ልብ፣ በሌላ ልብስ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 8፥15 ዳግመኛ ለፍርሃት ስለሚሆን የባርነት መንፈስ ሲናገር ፍርሃቱ በባሪያው ዘንድ ብቻ ያለ ይመስለናል። በዚህ ቤት ግን የፈራችው ልጅቱ አልነበረችም፤ እናቲቱ ነበረች።

በመጽሐፍ ቅዱሳችን «የልጅነት መንፈስ» የሚለውን ቃል ስናነብ፣ ብዙዎቻችን ቃሉ ለተወለደ ልጅ የተነገረ ይመስለናል። የጽርኡ ቃል ግን በልጅ ስፍራ ማኖርን፣ ማለት ማደጎን የሚያመለክት ነው። ጳውሎስም ይህን የጻፈው ነገሩን በሚገባ ለሚያውቁ ለሮሜ ሰዎች ነው። መልእክቱ በ57 ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ሲጻፍ በዙፋን ላይ የነበረው ቄሣር ኔሮን ራሱ የማደጎ ልጅ ነበረ፤ ቀላውዴዎስ ቄሣር በ50 ዓመተ ምሕረት ልጁ አድርጎ ወስዶት፣ የገዛ ልጁ ብሪታኒኩስ እያለ ዙፋኑን የወረሰው እርሱ ነው። እንግዲህ በሮሜ ከተማ «የማደጎ ልጅ ውርስ የለውም» ብሎ የሚከራከር አልነበረም። ጳውሎስ ልጆች ከሆንን ወራሾች ደግሞ ነን ሲል የሚናገረው ይህን ነው። ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከቱ፤ ኔሮን የተወለደውን ወንድሙን ገፍቶ ወረሰ። እኛ ግን የተወለደው አንድያ ልጅ ራሱ ወንድም ሊሆነን ወርዶ፣ በደሙ ገዝቶ፣ ከእርሱ ጋር ወራሾች አደረገን። በጥምቀት ውኃ ስሙ የተጠራበት ማንም ሰው በእግዚአብሔር ቤት በትውልድ መብት የገባ የለም። ዶክተር ማርቲን ሉተር በትንሹ ካቴኪዝም የጌታን ጸሎት መጀመሪያ ሲያብራራ፣ ውድ ልጆች የሚወዱትን አባት እንደሚለምኑት ያለ ፍርሃት እንድንለምን እግዚአብሔር ይጋብዘናል ብሎ ያስተማረው ከዚሁ የተነሣ ነው። ሉተርና ሚስቱ ካታሪና ከወለዷቸው ስድስት ልጆች ሌላ፣ አባትና እናት የሞቱባቸውን የዘመድ ልጆች በቪተንበርግ ቤታቸው ሰብስበው ያሳደጉ ነበሩ፤ ስለዚህ ሉተር ይህን ያስተማረው ከመጽሐፍ ጠረጴዛ ብቻ ሳይሆን ልጆች ከሚንጫጩበት ከማዕድ ጠረጴዛም ነው።

በአገራችንም ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። «ጉዲፈቻ» የምንለው ቃል ከኦሮሞ ሕዝብ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ሥሩም ማሳደግ ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ እንዲቈጠር ደንግጎአል። ሕጉ መልካም ነው። የሰፈር አፍ ግን ሕግ አያነብም። በማኅበሮቻችን ውስጥ ልጅ ሲያጠፋ «ምን ታደርግ፣ የወለደችው አይደል» ሲያመሰግን «ሰው ሆነላት» የሚሉ ድምፆች እስከ ዛሬ አሉ። እኛም ራሳችን፣ ይህን የምንጽፈው፣ ስለ አንድ ቤተ ሰብ ስንጠየቅ «ሁለት ልጆች አሏቸው፤ አንዲትዋ ግን» ብለን የጀመርንበትን ቀን እናስታውሳለን። ያን «ግን» ማን ጠየቀን?

ስለ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ያልሰማ በመካከላችን ጥቂት ነው። በወሎ ረሀብ ጊዜ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973፣ ወደ ግሸን ማርያም ተጕዘው ሲመለሱ፣ የሞተች እናት ጡት እየጠባች የነበረች ሕፃን በመንገድ ዳር አገኙ፤ አንሥተውም ወደ አዲስ አበባ አመጧት። አንድ ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው የተሰበሰቡት ልጆች 21 ሆኑ። ባላቸው ከልጆቹና ከእርሱ አንዱን እንዲመርጡ ቢጠይቃቸው ልጆቹን ይዘው ወጡ። የእምነታቸው ሥርዓት ከእኛ ቢለይም ይህን ሥራ ማክበር ይገባናል። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ያለቀሱላቸው ያሳደጓቸው ሁሉ የሚጠሯቸው በአንድ ስም ነበር፤ «እማዬ» በሚል ስም። ያ ስም በማኅተም አይሰጥም፤ በፍርድ ቤትም አይወሰንም። «አባ አባት» ብሎ መጮኽም እንዲሁ ነው፤ ቃሉን ያስተማረን መንፈስ ቅዱስ ነው እንጂ በራሳችን ድፍረት የተናገርነው አይደለም።

ስለ ኪሊማኒዪቱ እናት የቀረውን እንንገራችሁ። ያን ዕለት ማታ ከልጅዋ ክፍል በር አጠገብ ቆማ ብዙ ካሰበች በኋላ ገብታ እንዲህ አለች፤ «እውነቱን ልንገርሽ። ተቈጥቻለሁ። ያቺ ጀበና የእናቴ ነበረች። ውሃው ሳይጠፋ ለምን አነሣሻት? ስንት ጊዜ ነገርኩሽ?» ድምፅዋም ከፍ አለ፤ እንባዋም መጣ። ልጅቱ ግን ቀና ብላ አየቻትና ከአልጋዋ ወርዳ አንገትዋን አቀፈቻት። ሁለቱም ስለ ጀበናዪቱ አለቀሱ። በማግሥቱ ለቅጣት ለአንድ ሳምንት ዕቃ እንድታጥብ ታዘዘች፤ ወንድምዋም ይህን በሰማ ጊዜ እጅግ ደስ አለው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዳግመኛ ወደዚያ ቤት ሄደን ነበር። ልጅቱ ቡና አፍልታ አቀረበችልን፤ በአዲስ ጀበና። ስኒዎቹን በደንብ ሳታጥብ አቅርባ ስለ ነበር እናትዋ በእኛ ፊት ገሠጸቻት። እኛም ደነገጥን፤ ልጅቱ ግን ከንፈርዋን አሞጥሙጣ «እሺ እማዬ» እያለች ስኒዎቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ በመንገድዋም መዝሙር ታንጐራጕር ነበር።

እንጸልይ። የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ አባት ሆይ፤ በኮረብታው ላይ ባለው በዚያ ቤት ስላሉት ስለ እናቲቱና ስለ ልጆችዋ እናመሰግንሃለን። የወለደቻትንም፣ አንተ የምታውቃትን፣ በቸርነትህ አስባት። አፋችንን ከክፉ ጨዋታ ጠብቅ። በመካከላችን ልጅ ተቀብለው በፍርሃት የሚያሳድጉትን ሁሉ አጽናቸው፤ ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ። አሜን።