ጢሱን ስለሚቈጥር ኩባንያ

ቍጥር እንደ ምስክር ነው፤ የተጠየቀውን ይመልሳል እንጂ ያልተጠየቀውን አይናገርም። ስለዚህ የቍጥርን እውነት የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ምን እንደ ተጠየቀ ሊመረምር ይገባዋል። ዛሬ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ወደ አየር የሚለቁትን የካርቦን ጢስ በየዓመቱ ቈጥረው በመጽሐፍ ያወጣሉ። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ ሰው በገዛ እጁ ስላልለኰሰው እሳት ሊጠየቅ ይገባዋልን?

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል ይህን ቍጥር በሦስት ክፍል ከፈለው። አንደኛው ኩባንያው ራሱ የሚያነደው ነው፤ ሁለተኛው ለሚገዛው ኤሌክትሪክ በሌላ ስፍራ የሚቃጠለው ነው፤ ሦስተኛው ዕቃ ከሚያቀርቡለት ሰዎች ጀምሮ የእርሱን ዕቃ ገዝተው እስከሚጠቀሙበት ድረስ ያለው ነው። እነሆ፥ ነዳጅ ዘይት የሚሸጥ ኩባንያ አብዛኛው ጢሱ በሦስተኛው ክፍል ይገኛል፤ ዘይቱ የሚነደው በገዢው መኪና ውስጥ ነውና። ሁለቱን ጽፎ ሦስተኛውን ቢተው፥ የጻፈው ቃል ሁሉ እውነት ሲሆን መጽሐፉ ግን ሐሰት ይሆናል።

«አንዱ ጢስ በሻጩም በገዢውም መዝገብ ሁለት ጊዜ ይቈጠራል» ብለው የሚቃወሙ አሉ። የዓለሙን ጢስ ለመደመር ከሆነ ነገራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ኀላፊነት እንደ ገንዘብ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች ቢካፈሉት አይጐድልም። ዛፉ ሊቈረጥ እንደ ሆነ እያወቀ ምሳር ያዋሰና ዛፉን የቈረጠ ሁለቱም ስለ አንዱ ዛፍ ይጠየቃሉ፤ የአንዱ መጠየቅም ሌላውን ነጻ አያወጣውም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ዓ.ም. ይህን መዝገብ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ በ2025 ዓ.ም. ግን ድካሙና ወጪው በዝቷል ተብሎ ለብዙዎቹ ጊዜው በሁለት ዓመት ተራዘመ። የካሊፎርንያ ግዛት በበኩሏ በ2023 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ የዓመት ገቢያቸው ከ1 ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ ኩባንያዎች ሦስተኛውን ክፍል ጭምር እንዲጽፉ አዘዘች። ከታናሹ ላይ ሸክም ማቅለል ቅን ነገር ነው፤ ቡና የሚተክል ገበሬ የጢስ ጸሐፊ ሊቀጥር አይችልምና። ታላቁ ግን በታናሹ ድካም ሊያመካኝ አይገባውም።

አንባቢ ሆይ፥ መዝገቡ ሰም ነው፤ ወርቁ የጢሱ መቀነስ ነው። ያለ ሰም ወርቅ መልክ አያገኝም፤ ወርቅ የሌለበት ሰም ግን እሳት ሲያገኘው ቀልጦ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ፊት ኩባንያ ሁሉ ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ገጽ እንደ ጻፈ ሳይሆን፥ ከአምናው ጢስ ምን ያህል እንደ ቀነሰ ነው።