ቀዩን እንድታልፍ ሲፈቀድልህ

ልጄ፣ ባቡር ነጂ ለመሆን ሥልጠና መጀመርህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ቀይ መብራት ስታይ ቁም የሚለውን አሠልጣኞችህ እስኪሰለችህ ይነግሩሃል፤ እኔ አልደግመውም። የማወራህ ከቆምክ በኋላ «እለፍ» ሲሉህ ስለሚሆነው ነው።

ነገሩ የሆነው በአውስትራሊያ ነው፤ ኅዳር 22 ቀን 1992 ዓ.ም.። ከሲድኒ በስተ ምዕራብ በብሉ ማውንቴንስ ተራሮች፣ ከግሌንብሩክ ጣቢያ አለፍ ብሎ፣ ለአንድ የባቡር ምልክት ኤሌክትሪክ የሚሰጠው መሣሪያ ተበላሸና ምልክቱ ቀይ እንዳበራ ቀረ። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ምልክት ሲበላሽ ቀይ እንዲያበራ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ መንገደኛ ከሚሞት ቢዘገይ ይሻላል ተብሎ።

መጀመሪያ የደረሰው ከፐርዝ ተነሥቶ አህጉሩን የሚያቋርጠው «ኢንዲያን ፓሲፊክ» ነበር። ነጂው ቆመ፤ በፔንሪዝ ያለውን ተቆጣጣሪ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትና አለፈ። ቀጣዩም ምልክት ቀይ ሆኖ ጠበቀው። አሁንም ቆመ። ከሐዲዱ ዳር ባለው ስልክ ሊደውል ሞከረ፤ ስልኩ የተበላሸ መሰለው። ደቂቃዎች አለፉ። በዚህ መሐል የጠዋት ተሳፋሪዎችን የጫነ ሌላ ባቡር ከኋላ መጣና የመጀመሪያው ቀይ ጋ ደረሰ። የዚህም ነጂ ቆመ፤ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። እስካሁን ቀይ መብራትን በድፍረት የጣሰ ሰው የለም። ከዚህ አደጋ ሁለት ወር እንኳ በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በለንደን፣ ላድብሮክ ግሮቭ ላይ፣ ሥልጠናውን ከጨረሰ ሳምንታት ብቻ ያለፉት ወጣት ነጂ ቀዩን ሳይቆም አልፎ 31 ሰዎች ሞተዋል። ያ ስለ ዐይን የሚያስተምር ታሪክ ነው። የግሌንብሩኩ ግን ስለ ጆሮ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ይበልጥ የሚያስፈራኝ።

ተቆጣጣሪውና ነጂው የተለዋወጡት ቃል አጭር ነበር፤ እንደ ወዳጅ ጨዋታ። ተቆጣጣሪው የፊተኛው ባቡር ርቆ የሄደ መስሎታል፤ የት እንደቆመ አላወቀም። ነጂው ደግሞ «እለፍ» የሚለውን ቃል «መንገዱ ባዶ ነው» ብሎ ሰማው። አንዱ ሌላው ያየ መሰለው፤ ያየ ግን አልነበረም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ነው።

ባቡሩ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ኩርባ ውስጥ ገባ። «ኢንዲያን ፓሲፊክ» ሲታይ ፍሬን ለመያዝ የቀረው ቦታ አይበቃም ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ መኪና ከጫነው የኋላ ፉርጎ ጋር ተጋጨ። 7 ተሳፋሪዎች ሞቱ፤ 51 ቆሰሉ።

በሁለቱ ሰዎች ላይ ለመፍረድ አትቸኩል። ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ ፒተር ማክኢነርኒ ከእነሱ አልፈው ብዙ አይተዋል። ምድር ባቡሩ በ1988 ዓ.ም. ለተለያዩ ተቋማት ተከፋፍሎ ነበር፤ የባቡሮቹ ሬዲዮዎች እርስ በርስ አይገናኙም ነበር፤ ከሁሉ በላይ ሰዓት አክብሮ መድረስ የሚሞገስበት ቤት ነበር። ደንቡም «እጅግ ተጠንቀቅ» ይል ነበር እንጂ በስንት ፍጥነት እንደሆነ አይናገርም ነበር። ጥንቃቄ ደግሞ በየሰዉ ልብ ልኩ ይለያያል። ለዚያ ነጂ 50 ጥንቃቄ ነበር።

ታዲያ አንተ ምን ታደርጋለህ? ፈቃድ ሲሰጥህ መብራቱ ይሠራልህ የነበረውን ሥራ ዐይንህ እንደተረከበ ቁጠር። «ወንዙ ጎድሏል» የተባለ መንገደኛ እንኳ በትሩን አስቀድሞ ነው የሚገባ። ዛሬ በአውስትራሊያ እንዲህ ያለው ቦታ ላይ የሚሠራበት ልክ ግልጽ ነው፦ ፊትህ ጥርት ብሎ ከሚታይህ ሐዲድ እኩሌታ ውስጥ መቆም በምትችልበት ፍጥነት ትሄዳለህ። ኩርባ ላይ የሚታይህ ትንሽ ነውና እንደ እግረኛ ልታዘግም ትችላለህ። የምልክቱን ቁጥር ጥራ፤ የተነገረህን ቃል በቃል ለተቆጣጣሪው መልሰህ ንገረው፤ «ፊቴ ያለው ባቡር የት ደርሷል? በምን አወቅህ?» በለው። ይህ ዋጋ ያስከፍልሃል። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ አለቃህ ስለ መዘግየትህ ይጠይቅሃል፤ ባልደረቦችህ «ፈሪ» ይሉህ ይሆናል። ይበሉህ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በሐዲድ ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

ከግሌንብሩክ ሦስት ዓመት አልፎ፣ ጥር 23 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ በዚያው ክፍለ ሀገር ዋተርፎል ላይ ሌላ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ነጂውን ጨምሮ 7 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ሌላ ነበር፤ ነጂው በመንገድ ላይ ሕመም ጥሎት ባቡሩ ያለ ገቺ ፈጠነ። መርማሪው ግን እኒያው ማክኢነርኒ ነበሩ፤ ስለ ግሌንብሩክ የሰጡት ምክር በቅጡ እንዳልተፈጸመም አገኙ።

እና የደንብ መጽሐፍህን ሲሰጡህ ቀይ ምልክትን በፈቃድ ስለ ማለፍ የተጻፈውን ገጽ ፈልግ። «በጥንቃቄ» የሚል ቃል ብቻ ካገኘህ እጅህን አንሣና በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ማለት እንደሆነ ጠይቃቸው። «እንደ ሁኔታው» ካሉህ እንደገና ጠይቅ።