አመድ አፋሹ ሲሚንቶ

በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጊንጪ ቤት የሚያሠራ ሰው ሲሚንቶ ሊገዛ ሲሄድ ባለሱቁ አስቀድሞ «ኦፒሲ ነው ፒፒሲ?» ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱም የታወቀ ነው፤ ለኮለንና ለሶሌታ ኦፒሲ፣ ለግንብና ለልስን ፒፒሲ። ፎርማኑን ምክንያቱን ብትጠይቁት «ፒፒሲ የተደባለቀ ነዋ!» ይላችኋል። «የተደባለቀ» የምትለው ቃል በገበያችን ክፉ ስም አላት። ቅቤው፣ በርበሬው፣ ማሩ ላይ የደረሰብንን ታስታውሰናለች። ሲሚንቶ ላይ ስትነገር ግን ፍርደ ገምድል ትሆናለች ብዬ አምናለሁ። ያሳመነኝም የአንድ ግድብ ታሪክ ነው።

በ1948 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ሃንግሪ ሆርስ የተባለ፣ ቁመቱ 172 ሜትር የሚደርስ ግድብ መሠራት ተጀመረ። እንዲህ ያለ ግዙፍ ኮንክሪት ትልቁ ጠላቱ ሙቀት ነው። ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው ይግላል። ስስ ሶሌታ ግለቱን ለነፋስ ሰጥቶ ይገላገላል፤ የግድብ ሆድ ግን አምቆ ያቆየዋል። ውጪው ቀዝቅዞ ውስጡ እንደጋለ ሲቀር ኮንክሪቱ ይሰነጠቃል። መሐንዲሶቹ ታዲያ ከሲሚንቶው ሲሶ ያህሉን ቀንሰው በቦታው ፍላይ አሽ አስገቡ፤ በድንጋይ ከሰል የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ጭስ ይዞት የሚወጣውን፣ እንደ ዱቄት የላመ አመድ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለዚህ አመድ ጥናት ያሳተሙት በ1937 ነበር፤ በትልቅ ሥራ ላይ የተፈተነው ግን እዚህ ነው። ግድቡ በ1953 ሲያልቅ 120 ሺህ ቶን ገደማ አመድ በሆዱ ይዞ ነበር።

አመዱ የተጫነው ከቺካጎ አካባቢ ነበር። ያችው ቺካጎ በ1976 እ.ኤ.አ. ዎተር ታወር ፕሌስ የተባለውን 262 ሜትር ሕንፃ ስታቆም፣ ለታችኞቹ ኮለኖች 62 ሜጋ ፓስካል የሚሸከም ኮንክሪት አዘጋጀች። በኛ ከተሞች ብዙ ሕንፃ የሚቆምበት ኮንክሪት ሲ-25፣ ማለትም 25 ሜጋ ፓስካል የሚሸከም መሆኑን ልብ ይሏል። በዚያ ብርቱ ኮንክሪት ውስጥም ፍላይ አሽ ነበረበት። ደካማ ነው የሚባለው አመድ በዘመኑ ከኮንክሪት ሕንፃዎች ሁሉ ረጅሙን ተሸከመ።

ምሥጢሩ ኖራ ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ማጣበቂያውን ይሠራና ጎን ለጎን ሥራ ፈት ኖራ ይተዋል። አመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ያንን ኖራ ይዞ ተጨማሪ ማጣበቂያ ያደርገዋል፤ ቀዳዳዎቹም ይደፈናሉ። ለአምቦ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ጋዝ ያለው ውሃ፣ ልክ እንደ ከተማዋ ፍልውሃ፣ ኖራን እያሟሟ ይወስዳል፤ ኖራው አስቀድሞ ወደ ማጣበቂያ ከተለወጠ ግን ውሃው የሚወስደው ያንሳል። ችግሩ ይህ ሁሉ ቀስ ብሎ የሚካሄድ መሆኑ ነው። ሲሚንቶው በሳምንት የሚያሳየውን አመዱ በወርና በሁለት ወር ያሳያል።

ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን በዋነኛነት ከውሃ ስለምታገኝ የፍላይ አሽ ክምር የላትም። በምዕራብ ሸዋ አዳ በርጋ ወረዳ ያሉት ፋብሪካዎች፣ በ1976 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሙገርና በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ዳንጎቴ፣ በምድጃቸው ከሰል ቢያነዱም አመዱ እዚያው ክሊንከሩ ውስጥ፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ በሚሆነው ከምድጃው በሚወጣ ጥሬ ዕቃ ውስጥ፣ ይቀራል። እኛ ያለን የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ ነው። ሮማውያን ከፖዙኦሊ ያወጡት የነበረው ዓይነት ማለት ነው፤ ፖዞላን የሚለው ስም ራሱ ከዚያች ከተማ የመጣ ነው። ፒፒሲ ውስጥ ከክሊንከር ጋር የሚፈጨውም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ለፎርማኑም ልፍረድለት፤ ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። የፍላይ አሽ ቅንጣት በአብዛኛው ድቡልቡል ስለሆነች ኮንክሪቱን ታንሸራትታለች፤ ውሃም ትቆጥባለች። የተፈጨ ፑሚስ ግን ሻካራና ባለቀዳዳ ነው፤ ውሃ ይጠጣል። ሚክሰሩ ላይ ያለው ሠራተኛ ድብልቁ ሲደርቅበት አንድ ባልዲ ይጨምራል፤ በዚያች ባልዲ ጥንካሬው ይወርዳል፤ ስድቡን ግን ፒፒሲ ይቀበላል። ደግሞም ገበያ ላይ ያለው ፒፒሲ የጥንካሬ ደረጃው አብዛኛውን ጊዜ 32.5፣ የኦፒሲው 42.5 ነው። አንዱን አውጥቶ ሌላውን በዚያው ልክ መተካት አይቻልም፤ አዲስ የድብልቅ ስሌት ይፈልጋል። ቺካጎዎቹም አመዱን የጨመሩት ሲሚንቶውን አብዝተው፣ ውሃውን በመድኃኒት ቀንሰው ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ውሃ የማጠጣቱ ነገር ነው። ግንባታ የሚጧጧፈው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ቀኑ ደረቅና ነፋሻ፣ ሌሊቱ ብርድ። ነፋሱ እርጥበቱን ይነጥቃል፣ ብርዱ የአመዱን ሥራ ያዘገያል። በዚህ ወቅት ሶሌታ ተሞልቶ ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ይረጭና ይተዋል። ለኦፒሲም አይበቃ፤ ፒፒሲን ግን ገና ሥራ ሳይጀምር መግደል ነው። ሃንግሪ ሆርስ ላይ የሠሩት ሰዎች ከሲሚንቶው ሲሶውን መቀነስ የደፈሩት ጊዜ ሊሰጡት ስለቆረጡ ነው። እኔ ብሆን ጆንያ አልብሼ ቢያንስ 14 ቀን አርሰው ነበር፤ ድጋፉንም ለማንሳት አልቸኩልም።

በኩብ ምርመራውም እንዲሁ ነው። ከድብልቁ የተሞላው የኮንክሪት ኩብ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ተጨፍልቆ ውጤቱ ይጻፋል፤ አመዱ ግን ያኔ ገና መንገድ ላይ ነው። በሌላው ዓለም ፍላይ አሽ የገባበት ኮንክሪት በ56 ወይም በ90 ቀን መመርመሩ የተለመደ ነው። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ለሚማር ወጣት አንድ ሥራ ልስጠው፤ በፒፒሲ ከተሞላ ከማንኛውም ሳይት፣ ከተለመዱት በላይ ሦስት ኩብ ይሙላ፤ ባልዲውን ይቁጠር፤ ኩቦቹን በገንዳ ውሃ ውስጥ ይተዋቸውና በ56ኛው ቀን ይጨፍልቃቸው። ቁጥሩንም ወስዶ ለፎርማኑ ያሳየው።