ሥራ ስንለቅም ሙስሊሞች ነን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ሥራ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ዱዓ ያደርጋል፣ ኢስቲኻራ ይሰግዳል፣ እናት አባቱን ያስመርቃል። ሲለቅ ግን ማንንም አያማክርም። ደመወዙን ይቀበላል፣ ስልኩን ይዘጋል፣ በማግስቱ ወንበሩ ባዶውን ያድራል። በፋብሪካውም በሱቁም ይህ ነገር ከመለመዱ የተነሣ ነውርነቱ እየተረሳ መጥቷል።

ጉዳዩን እንዳነሣ ያደረገኝ የአንድ የሐይቅ ልጅ ጥያቄ ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ የንግድ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ሆኖ ከተቀጠረ አራተኛ ወሩን ይዟል። ከአዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ ያለው ሥራ ተገኘለት፤ አዲሱ ቀጣሪም በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ና ይለዋል። አስቀድሞ የፈረመው ውል ደግሞ ለመልቀቅ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። «አራት ወር ለሠራሁበት ቦታ ሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባል ወይ? ዝም ብዬ ብቀርስ?» አለኝ። እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ሐላልና ሐራሙን መለየት የዑለማዎቻችን ድርሻ ነው። ሆኖም በጥያቄው ውስጥ ፈትዋ የማያሻው ብዙ ነገር አለ።

በመጀመሪያ የአገሩን ሕግ እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአዲስ ተቀጣሪ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መሰናበት ይችላል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ግን 30 ቀን አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት፤ ሳያስታውቅ የሄደ ለአሠሪው ካሣ ይከፍላል፣ ካሣውም ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። የሥራ ውል ሕጉ ለሠራተኛው ከሰጠው መብት በታች መውረድ ስለማይችል፣ ልጁ የፈረመው የሁለት ወር አንቀጽ ፍርድ ቤት ቢደርስ መጽናቱ ያጠራጥራል። ይህን ነገርኩት፤ ፊቱ በራ። ነገር ግን ጥያቄው በዚህ አላለቀም። ሕጉ 30 ቀን ቢልም እሱ ያሰበው ነገ ጠዋት ለመቅረት ነውና።

የሙከራ ጊዜ የሚባለው ነገር ለፊቅሃችንም እንግዳ አይደለም። ኪታቦቻችን በሽያጭ ውል ላይ «ኺያር» የሚሉት የማሰቢያ ጊዜ አላቸው፤ ውሉ ከመጽናቱ በፊት ማሰብ፣ ከጸና በኋላ መያዝ ነው። ቅጥር በ«ኢጃራ» ምዕራፍ ሥር ይገኛል። ብዙኃኑ ዑለማ ኢጃራን አንዱ ወገን ብቻውን የማያፈርሰው ውል ሲያደርጉት፣ ሐነፊዎች ለእውነተኛ ዑዝር በር ይከፍታሉ። በወሎ የሻፊዒውም የሐነፊውም ኪታብ ስለሚቀራ ይህ ልዩነት ለደረሶቻችን አዲስ አይደለም። የተሻለ ደመወዝ ዑዝር ይሆናል ወይ የሚለውን ለእነሱ እተዋለሁ። ተደብቆ መጥፋትን የፈቀደ መዝሀብ ግን አልሰማሁም።

እስቲ የሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ እናስታውስ። ሱረቱል ቀሰስ እንደምትተርከው ሙሳ ከግብጽ ሸሽቶ መድየን ሲደርስ ቤትም ዘመድም አልነበረውም። ሽማግሌው አባት ስምንት ዓመት እንዲያገለግላቸው ተዋዋሉት፤ አሥር ቢሞላ በራሱ በጎ ፈቃድ እንደሚሆን፣ እሳቸውም ሊያስጨንቁት እንደማይፈልጉ ነገሩት። ሙሳ ዝም ብሎ አልተቀበለም። ከሁለቱ ጊዜያት የትኛውንም ቢፈጽም በደል እንዳይኖርበት አስረግጦ ተዋዋለ፤ አላህንም በቃላቸው ላይ ምስክር አደረገ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የትኛውን ፈጸመ ተብለው ሲጠየቁ ረጅሙን እንደፈጸመ መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በጡር ተራራ ወገን እሳቱን ያየውና ጌታው የጠራው ጊዜውን ጨርሶ ቤተሰቡን ይዞ ሲጓዝ ነው። ከዚያ የሚበልጥ ሹመት ይጠብቀው ነበር፤ ያም ቢሆን የመጣው የበግ ጥበቃው ዘመን ካለቀ በኋላ ነው።

«አሠሪዬ ሙስሊም አይደለም» ወይም «ክፉ ሰው ነው» የሚል ወንድምም አይጠፋም። ሑዘይፋ ኢብኑል የማንና አባታቸው (ረ.ዐ) ወደ መዲና ሲጓዙ ቁረይሾች ያዟቸው፤ ከነቢዩ ጋር ሆነው እንዳይዋጉም ቃል አስገቧቸው። የበድር ዘመቻ ደረሰ። ሙስሊሞች ከሦስት መቶ ብዙም የማይበልጡ፣ ጠላት አንድ ሺህ ገደማ ነበር፤ ሁለት ተዋጊ ማለት ብዙ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ለቁረይሾች የገቡትን ቃል እንዲሞሉ ነግረው ከዘመቻው አስቀሯቸው፤ ሙስሊም ሐዲሱን ዘግበውታል። ጣዖት አምላኪ ለሆነና ሊገድላቸው ለሚመጣ ጠላት የተገባ ቃል እንዲህ ከተጠበቀ፣ በፊርማና በማኅተም ለጸና የቅጥር ውል ምን ልንል ነው?

የሐይቅና የአምባሰል ገበሬ ይህን ያለ ኪታብም ያውቀዋል። ጎረቤቶቹ የእሱን ማሳ አርመውለት ሲያበቁ በእነሱ ተራ ከወንፈል የቀረ ሰው ማንም አይከሰውም፤ በሚቀጥለው ክረምት ግን ብቻውን ያርማል። አምባሰል ከተነሣ ውጫሌም ይነሣል። በሚያዝያ 1881 የተፈረመው ውል የሚታወሰው በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛና የጣሊያንኛ ልዩነት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ማሻሻል የፈለገ ወገን አንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲያስታውቅ የሚል አንቀጽም እንደነበረው ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያስታውሱት። አፄ ምኒልክ ተታልለው ሳለ እንኳ ውሉን መተዋቸውን በ1885 ለአውሮፓ መንግሥታት በደብዳቤ አሳወቁ። ዓድዋ የመጣው ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። «ዋስህ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ውጫሌ የሚያስተምሩ አጎቱ ናቸው። በአገራችን ገንዘብና ንብረት የሚነካ ሠራተኛ ያለ ዋስ እንደማይቀጠር አንባቢ ያውቃል። ልጁ ሳያስረክብ ቢሄድ፣ ያልተወራረደ ደረሰኝ ወይም የጎደለ ሂሳብ ቢገኝ፣ ደብዳቤው አዲስ አበባ አይሄድም፤ ውጫሌ ነው የሚሄደው። አንድ አስተማሪ በደመወዛቸው ፈርመው ያቆሙት ልጅ ስልኩን ዘግቶ እሳቸው በየቢሮው ሲመላለሱ ይታያችሁ። ዋስትና በሸሪዓችን ቀላል ነገር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ያለበትን ሟች ጀናዛ ከመስገድ ተቆጥበው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሳቸው ላይ ካደረጉ በኋላ መስገዳቸው ተዘግቧል። በእኔ አስተያየት ሳያሳውቁ ከመጥፋት ሁሉ የከፋው ወገን ይህ ነው። አሠሪው ሌላ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ አጎት ግን ለሌላ የወንድምና የእህት ልጅ ዳግም አይፈርሙም። ከሐይቅ ተመርቆ ለሚመጣው ቀጣዩ ልጅ በሩ የሚዘጋው እንዲህ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ብልህነት የሚመስል። የሐሰት የሕመም ፈቃድ ማውጣት፣ «እናቴ ታማለች» ብሎ ፈቃድ ጠይቆ ሳይመለሱ መቅረት። በዚህኛው ውል ማፍረስ ላይ ውሸት ይጨመራል፤ ማስረጃውን የጻፈውም የጤና ባለሙያ የወንጀሉ ተካፋይ ይሆናል። ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ወሩን ሙሉ ሻይ ቤት ማሳለፍም ከዚሁ የራቀ አይደለም። የዚያ ወር ደመወዝ ልክ እንደ መጀመሪያው ወር የሚበላው በሥራ ነው።

ታዲያ ምን ያድርግ? ቀን ያለበት ደብዳቤ ጽፎ ለኃላፊው በእጁ ይስጥ፤ በግልባጩ ላይ የተቀባይ ፊርማ ያስደርግ። ለአዲሱ ቀጣሪም እውነቱን ይንገር። ነባሩን ቦታ ሜዳ ላይ ጥሎ እንዲመጣ የሚያስገድድ ድርጅት ነገ በእሱ ላይ እንዴት እንደሚሆን ማሰብ ነው። ከሁለቱ ወር ወደ አንድ እንዲወርድለት አሠሪውን ይለምን። ለሚተካው ሰው ሥራውን ማሳየት፣ ሂሳቡን እስከ መጨረሻው ቀን መዝጋት፣ ቢያስፈልግ ከደመወዙ ላይ ማስቀረት፣ ሁሉም በስምምነት ይቻላል። አሠሪው ከተስማማ ነገሩ አለቀ። እምቢ ካለና ሕጉ ያዘዘውን 30 ቀን በሥራ ከሞላ፣ ከዚያ በኋላ በግልጽ ተሰናብቶ ቢሄድ የሚወቀስ አይመስለኝም፤ ከሕግ በላይ የሄደው አንቀጹ ነውና። የሰውየው ሐቅ ቀርቶብኝ ይሆን ብሎ ልቡ ካልረጋ አንድ ዓሊም ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ የሚነገረው መብቱ ለተጠበቀለት ሠራተኛ ነው። የሚደበድባት፣ የሚደፍራት ወይም ደመወዟን በተደጋጋሚ የሚከለክላት ቀጣሪ ዘንድ ላለች እህት ግን «ውልሽን ሙዪ» የሚል ሰባኪ አይድረስባት። የአገሩም ሕግ ሰብአዊ ክብሩ ለተነካና አሠሪው ግዴታውን ደጋግሞ ላልተወጣለት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ የመሄድን በር ከፍቷል። ወደ ዐረብ አገር የሄዱት የወሎ ልጆች ፓስፖርታቸው ተነጥቆ ሲሸሹ ጠፉ አይባልም፤ አመለጡ ነው የሚባለው።

አሠሪ ወንድሞቻችንም ይህን ጽሑፍ እንደ መሣሪያ እንዳይዙት እፈራለሁ። ሠራተኛውን አሠርቶ ዋጋውን የከለከለ ሰው በቂያማ ቀን ባላጋራው አላህ ራሱ (ሱ.ወ) እንደሚሆን በቡኻሪ ሐዲስ ተዘግቧል። በውል የተጸጸተን ወገን ለቀቅ ያደረገ ደግሞ በዚያ ቀን አላህ ስህተቱን እንደሚያነሳለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል። የመድየኑ ሽማግሌም አሠሪ ነበሩ፤ ላስጨንቅህ አልሻም ብለው ነው የጀመሩት። በአራት ወሩ የሚሄድ ልጅ ያናድዳል፤ ስላስተማሩት ጊዜ ማሰብም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው ሲሰናበት ያልተከፈለውን ደመወዝ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መስጠት፣ የሥራ ምስክር ወረቀቱንም መጻፍ የሕግ ግዴታ ነው። የልጁን ዋና ዲፕሎማ «እንዳይጠፋብኝ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ የቆለፈ ነጋዴ ካለ፣ ከመጪው ጁሙዓ በፊት አውጥቶ ይስጠው።

ወላሁ አዕለም።