ጓንቱ ማንን ይጠብቃል?

በሕክምና ቤት ስለ ጓንት የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በመመሪያ መልክ ነው፤ መቼ ይጠለቅ፣ መቼ ይውለቅ፣ የት ይጣል። መመሪያው አጭር ነው። አንድ ጓንት ለአንድ ታካሚና ለአንድ ሥራ፤ ከማጥለቅ በፊትም ካወለቁ በኋላም እጅን ማጽዳት፤ ይኸው ነው። ይህን ያልተማረ ነርስም ሐኪምም የለም። ይሁንና በብሪታንያ 15 ሆስፒታሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አንድ የማይጠበቅ ነገር አሳይቷል። ባለሙያዎቹ ጓንት ባላደረጉበት ጊዜ እጃቸውን ማጽዳት ከሚገባቸው አጋጣሚዎች በግማሹ ሲያጸዱ፣ ጓንት ባደረጉበት ጊዜ ግን ያጸዱት በ41 በመቶው ብቻ ነበር። ዕቃውም ዕውቀቱም በእጁ ያለ ሰው ስለምን ይዘነጋል? ብዙዎች የሥራውን መደራረብና የሠራተኛውን ማነስ ያነሳሉ። እውነት ነው፤ ግን የሥራ ብዛት ጓንት ያደረገውንም ያላደረገውንም ይጫናል፤ ብቻውን ልዩነቱን አያስረዳም። የሚያስረዳው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ሰው ስለ ንጽሕና ከጥንት ጀምሮ ይዞት የኖረው አስተሳሰብ ነው። ንጽሕናን እያንዳንዳችን መጀመሪያ የምንፈልገው በራሳችን ቆዳ ላይ ነው። ጓንት ይህን ስሜት ወዲያው ይሰጣል፤ ከታካሚው ወደ እሱ የሚመጣው መንገድ መዘጋቱ ላጠለቀው ሰው በጣቶቹ ጫፍ ይታወቀዋል። ከእሱ ወደ ቀጣዩ ታካሚ የሚሄደው መንገድ ክፍት መሆኑን ግን ምንም ስሜት አይነግረውም። ስለዚህ ጓንትን በአግባቡ መጠቀም የሙያ ደንብ ከመሆኑ በፊት የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ ንጹሕ የምሆነው ለማን ብዬ ነው?

ስለ ቀዶ ሕክምና ጓንት አብዝቶ የሚነገረው ታሪክም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ከ1889 እስከ 1890 ባለው ጊዜ ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሏ ነርስ ካሮላይን ሃምፕተን እጇ ለጀርም መግደያ በሚውለው የሜርኩሪ ውህድ ክፉኛ ተቆጣ። የክፍሉ ኃላፊ ዊልያም ሃልስቴድ የጉድይር ጎማ ኩባንያ ስስ የጎማ ጓንት እንዲሠራላት ጠየቀ፤ በ1890 ደግሞ አገባት። ታሪኩ ዛሬም የሚነገረው ለፍቅሩ ሲባል ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ያ ጓንት የተሠራው ለነርሷ ቆዳ እንጂ ለታካሚው ቁስል አልነበረም። ረዳቶች እያጠለቁት ቀዶ ሐኪሞቹ ለዓመታት በባዶ እጃቸው መሥራታቸውን ቀጠሉ። የሃልስቴድ ተማሪ የነበረው ጆሴፍ ብላድጉድ፣ ቀዶ ሐኪሙም ጓንት ማድረግ ከጀመረ ወዲህ የቡአ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ቁስል መመርቀዙ እጅግ መቀነሱን ቆጥሮ ያሳተመው በ1899 ነው። ሃልስቴድ ራሱ ኋላ ላይ ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ሳናስተውል ቀረን ብሎ ተገርሟል። ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ በዚያን ጊዜ ይታወቅ ነበር። ጓንቱም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። የጎደለው ዕቃውን በጠረጴዛው ላይ ከተጋደመው ሰው ወገን ሆኖ ማየት ነበር።

ከሌላው ወገን ሆኖ ማየት ደግሞ ሕመም አለው። በ1847 ቪየና የሆነው ይህን ያስረዳል። በከተማዋ ትልቅ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ አንዱ ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ ሌላው አዋላጆች የሚማሩበት። በሐኪሞቹ ክፍል በትኩሳት የሚሞቱት ወላዶች በአዋላጆቹ ክፍል ከሚሞቱት ከእጥፍ በላይ ነበሩ። የሐኪሞቹ ክፍል ባልደረባ የነበረው ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሕክምና ተማሪዎቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው ወደ ወላዶቹ እንደሚመጡ ልብ አለና እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሚያዝያ ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ የሞቱበት ክፍል፣ ትእዛዙ በግንቦት ከወጣ በኋላ በሰኔ የሞቱበት ከ100 ሁለት ያህል ሆኑ። ቁጥሩ እንዲህ አፍጥጦ ሳለ ብዙ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። የበሽታውን ምክንያት አጥርቶ አለማስረዳቱም፣ ጠበኛ መሆኑም ጎድቶታል። ነገር ግን ከሁሉ የከበደው የሐሳቡ ፍሬ ይመስለኛል፤ ሊያድን የተዘረጋው እጅ ገዳይ ሆኗል ማለት ነበርና። ሰው ከሌላው ወደ እሱ በሚመጣ ቆሻሻ ለማመን አይቸገርም። ከራሱ በሚወጣው ለማመን ግን ስለ ራሱ ያለውን ግምት ዝቅ ማድረግ አለበት፤ የተማረና የተከበረ ሰው ደግሞ ይህ ይበልጥ ይከብደዋል።

እዚህ ላይ ሃይማኖተኛ አንባቢ አንድ ጠንካራ መቃወሚያ ሊያነሳ ይችላል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ፈሪሳውያን ደቀ መዛሙርቱን እጃቸውን ሳይታጠቡ ይበላሉ ብለው ሲነቅፉ፣ ክርስቶስ ሰውን የሚያረክሰው ከልቡ የሚወጣው ክፋት መሆኑን አስተምሯል። ታዲያ የእጅን ንጽሕና እስከዚህ ከፍ ማድረግ ወደዚያው ወደ ፈሪሳውያን ወግ መመለስ አይሆንም ወይ? አይሆንም። በዚያ ክርክር የተነሳው የበላተኛው የራሱ ቅድስና ነው። ሳይታጠብ የሚበላ ሰው ዕዳው ቢኖር የራሱ ነው፤ ሳያጸዳ የሌላውን ቁስል የሚነካ ግን በሌላው ሥጋ ላይ ይፈርዳል። እንዲያውም የምዕራፉን ፍሬ ነገር ከተከተልን፣ ለሌላው ነፍስ ደንታ ማጣት ራሱ ከልብ ከሚወጡት አንዱ ነው። በሉቃስ ወንጌል ካህኑና ሌዋዊው ቁስለኛውን አይተው ገለል ብለው ያለፉበትን ምክንያት ወንጌላዊው አልጻፈውም። ሬሳ መስሏቸው እንዳይረክሱ ፈርተው ይሆናል የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። ትርጓሜው ልክ ከሆነ ሁለቱ ሰዎች ንጽሕናቸውን ጠብቀዋል፤ ቁስለኛው ግን ከነቁስሉ ቀርቷል። ዘይትና ወይን ይዞ የቀረበው ስለ ራሱ ንጽሕና ያላሰበው ሳምራዊ ነው። ጲላጦስ ደግሞ በሕዝብ ፊት እጁን የታጠበው ከሚመጣው ነገር ለመውጣት ነበር። (በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጲላጦስ ከቅዱሳን ጋር እንደሚታሰብ አልዘነጋሁም፤ እዚህ የማነሳው ያችን አንዲት ድርጊት ብቻ ነው።) አንድ ጓንት አጥልቆ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዞር ባለሙያ ሳያስበው ይህንኑ ይደግማል፤ ራሱን ነጻ ያወጣል፣ ሌላውን ግን አያድንም። የእስልምና የሕግ ሊቃውንትም ጉዳትን መከላከልን ከታላላቅ መርሖች አንዱ አድርገው ስለሚይዙት፣ ይህ ክርክር የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም።

በዚህ ሚዛን መመሪያውን ስናየው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይገኝበታል። ጓንት ማብዛት ጥንቃቄ ማብዛት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው ማብራሪያ ጓንት የሚያስፈልገው ደም፣ ሌላ የሰውነት ፈሳሽ፣ እንደ አፍና ብልት ያለ እርጥብ የሰውነት ክፍል ወይም የተላጠ ቆዳ ሲነካ ነው፤ ለቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ ደግሞ ከጀርም የጸዳው ዓይነት ግድ ነው። ደም ግፊትና ሙቀት ለመለካት፣ በጡንቻ ወይም ከቆዳ ሥር መርፌ ለመውጋት፣ የሚዋጥ መድኃኒት ለመስጠት፣ ታካሚን ለማጠብና ለማልበስ፣ ካርድ ላይ ለመጻፍ፣ ስልክ ለማንሳት ግን አያስፈልግም፤ በንክኪ የሚተላለፍ በሽታ ያለበት ታካሚ ካልሆነ በቀር። ለእነዚህ የሚበቃው የጸዳ እጅ ነው። ጓንት ያጠለቀ ሰው ቁስል ያጥባል፣ የበሩን እጀታ ይይዛል፣ የግሉኮስ መስቀያውን ያስተካክላል፣ ካርዱን ይገልጣል፤ የነካው ሁሉ ጓንቱ የያዘውን ይወርሳል። በአንዱ ታካሚ ላይም ቢሆን የሽንት ቱቦ የነካ ጓንት ሳይቀየር ወደ ደም ሥር ካንዩላ መሄድ የለበትም። ባለሙያው በባዶ እጁ ቢሆን ኖሮ እርጥበቱ ይሰማውና ይታጠብ ነበር። በጓንቱ ውስጥ ግን እጁ ደረቅ ነው፤ ምንም ያስቸገረው ነገር የለም። ጓንት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ ሲወልቅም ጀርም ወደ እጅ ይተላለፋል። ጓንት መታጠብን የማይተካው ለዚህ ነው።

የጤና ባለሙያዎች መልስ ይኖራቸዋል፤ ሊደመጥም ይገባል። እኛስ ሰው አይደለንም ወይ? ቤተሰብ የለንም? በ2014 በምዕራብ አፍሪካ በተቀሰቀሰው የኢቦላ ወረርሽኝ ከ500 በላይ የጤና ባለሙያዎች ሞተዋል። የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ በደም ይተላለፋሉ። ራስን መጠበቅ ነውር ነው የሚል ሰው ካለ እኔ ከእሱ ወገን አይደለሁም፤ የሞተ ነርስ ማንንም አያክምም። ነገር ግን ራስን መጠበቅም ቢሆን ሥርዓት አለው፤ የቆሸሸውን ጓንት ውጩን ወደ ውስጥ ገልብጦ ያላወለቀና ከዚያ በኋላ እጁን ያላጸዳ ሰው የፈራውን ነገር ወደ ዓይኑና ወደ አፉ ይወስደዋል። ከዚህ የሚበልጠው ነጥብ ደግሞ በ1987 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያወጣው ደንብ ነው፤ የማንም ሰው ደም በሽታ እንዳለበት ተቆጥሮ ይያዝ የሚል። ደንቡ በኤች አይ ቪ ፍርሃት ዘመን የወጣ ነው፤ በሥነ ምግባር በኩል ግን ፍሬው ከፍርሃቱ አልፎ ይሄዳል። ሁሉም እኩል ከተጠረጠረ ማንም ተለይቶ አይጠረጠርም። ቫይረሱ በደሙ የተገኘበትን ሰው ትከሻ ለመንካት ጓንት የሚያጠልቅ፣ በአጠገቡ ለተኛው ታካሚ ደም ግን ባዶ እጁን የሚያቀርብ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፤ አንዱን ያዋርዳል፣ ከሌላው ደግሞ ራሱን ሳይጠብቅ ይቀራል። ወንጌሉ የሚተርከው ክርስቶስ ለምጻሙን ሲያነጻው እጁን ዘርግቶ እንደዳሰሰው ነው። መንካት የማያስፈራበት ቦታ ላይ ቆዳ ለቆዳ መንካት የሕክምናው አንድ ክፍል ነው፤ ያለ ምክንያት የተጠለቀ ጓንት ይህን ይነጥቃል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከእጥረት የሚነሳ ነው፤ ለአገራችን ይህ ይበልጥ ይቀርባል። አስታማሚ ከውጭ ፋርማሲ ጓንት ገዝቶ እንዲያመጣ መታዘዙ ለብዙ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ውሃ በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ ስለ ፍጹም አጠቃቀም መጻፍ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ሊቆጣ መብቱ ነው። ሆኖም እጥረት የሚያስገድደው ቦታ መምረጥን እንጂ ደንቡን መተውን አይደለም። ለሙቀት መለኪያና ለካርድ መጻፊያ የማይባክን ጓንት ለማዋለጃ ክፍል ይተርፋል። የአንድ ጊዜውን ጓንት አጥቦ ወይም በአልኮል አሽቶ ለቀጣዩ ታካሚ ማዋል ደግሞ ቁጠባ መስሎ ጉዳት ነው፤ ላስቲኩ ይዳከማል፣ ጀርሙም ይቀራል። ውሃ በሌለበት መታጠብን የሚተካ ዘዴ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የአልኮል ማሻውን አሠራር ለማንም ክፍት አድርጎ አውጥቶታል፤ 80 በመቶ ኤታኖል፣ 1.45 በመቶ ግሊሰሮል፣ 0.125 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ የቀረው የተጣራ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። በአገር ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። በሀብታሙ ዓለምም ቢሆን ማብዛቱ ነቀፋ አለበት። ለንደን የሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ከ2018 ጀምሮ አላስፈላጊ ጓንት እንዲቀር አስተምሮ በዓመት ውስጥ ከ20 ቶን በላይ ፕላስቲክ ማዳን ችሏል። ነቀፋው ጓንቱ እስከሚሠራበት ቦታ ይደርሳል፤ በ2020 የዓለምን የላስቲክ ጓንት ከግማሽ በላይ ታመርት የነበረችው ማሌዥያ ናት። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጉምሩክ የአንድ ታላቅ የማሌዥያ አምራች ጓንት ወደ አገሩ እንዳይገባ ያገደው በፋብሪካዎቹ የግዳጅ ሥራ ምልክት አይቻለሁ ብሎ ነው፤ እገዳው የተነሳው በ2021 ነው። ታካሚን ሳይጠብቅ የተጣለ ጓንት በዚያ በኩልም የሰው ላብ ነበረበት።

የሚቀረው የታካሚው ድርሻ ነው፤ በዚህ ላይ ባህላችን አያግዘንም። ሐኪምን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። አልጋ ላይ የተኛው ሰው ጓንቱ ከየትኛው አልጋ እንደመጣ አያውቅም፤ ቢያውቅም ሊጣላ የማይፈልገው ሰው እጅ ላይ ነው። ስለዚህ ሸክሙ መጀመሪያ የባለሙያው ነው። እጅዎን ታካሚው እያየ ያጽዱ፣ አዲሱን ጓንት እሱ እያየ ያጥልቁ፣ ሥራው እንዳለቀ እዚያው አውልቀው ይጣሉ። አስታማሚ የሆናችሁም በትሕትና ጠይቁ፤ «ዶክተር፣ ይህ ጓንት አዲስ ነው?» ማለት ስድብ አይደለም። ጥያቄው የሚያስቆጣው ባለሙያ ቢኖር እንኳ፣ ከቁጣው ይልቅ የታማሚያችሁ ቁስል ይቅደም።