ሰንጢ በኪስ



ከወጣቶቻችን መካከል ርካሽ ሰንጢዎችን ከምናለሽ ተራም ከሌላም እየገዙ የሚሰበስቡ፣ አንዳንዶቹም በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ አሉ። ለመሆኑ ሰንጢ መያዝ ኃጢአት ነውን?

ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሰንጢ እርሳስ ትቀርጻለች፤ ብርቱካን ትልጣለች፤ ሸንኮራ አገዳ ትቆርጣለች። የቀንድ እጀታ ያላትን አሮጌ ሰንጢ ከአባቱ የወረሰ ሰው ቢወዳት አይፈረድበትም። ስለት ሁሉ የሚያስነቅፍ ቢሆን ኖሮ የካዛንቺስ ሥጋ ቤቶች ምን ሊባሉ ነው? በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ብዙው ክፍል እስኪፈርስ ድረስ፣ በየሰው እጅ ምላጭ የመሰለ ቢላዋ እያለ፣ ሰው አንዱ ሌላውን ሳይፈራ እየተጎራረሰ ጥሬ ሥጋ ይበላ ነበር።

ይሁን እንጂ የሥጋ ቤቱ ቢላዋ በገበታ ላይ ተገልጦ ይታያል፤ ሥራውም ይታወቃል። ሰንጢ ግን ታጥፋ ኪስ ትገባለች። ለምን እንደተያዘች የሚያውቀው ባለቤቷ ብቻ ነው፤ እርሱም ሁልጊዜ አያውቀውም።

የቅዱስ ጴጥሮስን ነገር እናስታውስ። ከእራት በኋላ በደቀ መዛሙርቱ ዘንድ ሁለት ሰይፎች እንደ ነበሩ ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 22 ጽፏል። በጌቴሴማኒም ጴጥሮስ ሰይፉን መዝዞ የማልኮስን ቀኝ ጆሮ ቆረጠ፤ ጌታ ግን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው፤ ጆሮውንም ፈወሰ። ብዙ ጊዜ ስብከቱ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ከታጠቁ ጭፍሮች ፊት ያልፈራው ያው ጴጥሮስ፣ ሰይፉ ወደ ሰገባው ከተመለሰ በኋላ፣ በዚያው ሌሊት ዶሮ ሳይጮኽ፣ አንዲት ገረድ ብትጠይቀው ጌታውን ካደ። እንግዲህ በአትክልቱ ስፍራ የታየው ድፍረት የማን ነበር? የጴጥሮስ ወይስ የሰይፉ?

የሰንጢም ጉዳት ከዚህ ይጀምራል። ማታ ከቂርቆስ ወደ ካዛንቺስ የሚያቀና ወጣት አንዱ ቢገፋው ወይም ቢሰድበው፣ ባዶ እጁን ከሆነ ይቅርታ ይላል፤ ይቀልዳል፤ ወይም ይሸሻል፤ መሸሽም አያሳፍርም። ሰንጢ ያለው ግን ሳያዘው እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። ማንንም ባይወጋ እንኳ፣ ይቅርታ የሚባልባትን ያችን አጭር ጊዜ አጥቷል።

«ራሴን ለመከላከል ነው» የሚል ወንድም አለ። ሥጋቱን አልንቅም፤ በሌሊት የተዘረፈ ሰው ሥጋት እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሰፈራችን የተጠራበት ቅዱስ ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። ሐምሌ 19 ቀን እንደምናስበው፣ የፈላ ውኃ ወዳለበት ጋን ሲቀርብ በእጁ ምንም አልነበረም፤ እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ ስትፈራ ያጽናናት እርሱ ነው።

ሰብሳቢዎቹን ጣሏቸው አልልም፤ በቤት መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ። በኪሱ የሚይዝ ወንድም ግን ለአንድ ሳምንት ቤት ትቷት ይውጣ። የጎደለው የእርሳስ መቅረጫ ብቻ ከሆነ መልሶ ይያዛት። ሌላ ነገር ከጎደለው ከንስሓ አባቱ ጋር ይነጋገርበት።